ቤቱን ተካፈሉ፤ ጡረታውስ?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብበው፤ የቸኮለ ደግሞ ለማታ ያስቀምጠው። በተለይ የቤተሰብ ሕግ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የእናንተ ዕዳ አለብኝ።

ታላቅ እህቴ ከስምንት ዓመት በፊት ከባለቤቷ ጋር ተፋታች። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም፣ የእሱንም እንደዚሁ። ሃያ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፣ ሁለት ልጆችም አሏቸው። እሷ አስተማሪ ነበረች። ሁለተኛው ልጅ ሕፃን እያለ ታሞ ሆስፒታል መመላለሱ ሲበዛ ከሁለት አንዳቸው ሥራ መልቀቅ ነበረባቸው። ደመወዛቸውን አስተያዩ፤ የእሷ አነሰ፤ እሷ ለቀቀች። እሱ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ፣ ዕድገትም አገኘ። ማንም ማንንም አላስገደደም። ተመካክረው የወሰኑት ነው።

ሲፋቱም ብዙ ጭቅጭቅ አልነበረም። ሽማግሌ ገብቶ ሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ “በስምምነት እንለያይ” ተባባሉ። የንብረት ስምምነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “አንተ እያለህ ለጠበቃ ምን አስከፈለን?” አሉኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ጻፍኩ። አሮጌዋን መኪና ጻፍኩ። የባንክ ደብተሮቹን፣ ፍሪጁን፣ ሶፋውን ሁሉ ጻፍኩ። ያልወጣ ዕቁብ ነበራቸው፣ እሱንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም የምናውቃትን መስመር ጨመርኩ፦ ከዚህ በኋላ አንዳችን ከሌላችን የምንጠይቀው ምንም ዓይነት ንብረት የለም። ፈረሙ። ምስክሮች ፈረሙ። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱን አጸደቀው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቀድሞ ባለቤቷ ሥራውን ለቀቀና የፕሮቪደንት ፈንድ ገንዘቡን ወሰደ። ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። እህቴ የሰማችው ሠርግ ቤት፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ሚስት ነው። በማግስቱ ደወለችልኝ።

“ወንድሜ፣ ያ ገንዘብ እኮ የተጠራቀመው እኔ ቤት ውስጥ ልጅ ሳስታምም ነው። የኔም ነበረበት እንዴ?”

“ነበረበት” አልኳት።

“ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?”

የምመልሰው አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ? ረስቼው አይደለም። መርሳት ማለት መጀመሪያ ማሰብ ነው፤ እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም። አሥራ ሁለት ዓመት የቤተሰብ ሕግ ሳስተምር ስለ ጡረታና ስለ ፕሮቪደንት ፈንድ ክፍፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቼ አላውቅም። ፈተና ላይ ስንት ጊዜ ስለ ቤት፣ ስለ ውርስ መሬት፣ ስለ ሎተሪ ጠይቄያችኋለሁ! ስለ ጡረታ ግን አንድም ጊዜ። ዕዳ አለብኝ ያልኳችሁ ይህን ነው።

ስምምነቱን ለማስፈረስ መሞከር ይቻል ነበር። እሷ ግን “እንደገና ችሎት ለችሎት መንከራተት አልችልም፣ ልጆቹም ይሰቀቃሉ” ብላ ተወችው። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ስለዚህ ያኔ ክፍል ውስጥ ልነግራችሁ የሚገባኝን ዛሬ ልንገራችሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ እዚህ ግን የምናገረው ስለ ፌዴራሉ ነው።

አንቀጽ 57 የግል ሀብትን ይነግረናል፦ በጋብቻው ዕለት በእጅህ የነበረ፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንተ ብቻ የመጣ ንብረት የግልህ ነው። አንቀጽ 62 ደግሞ የጋራውን ይነግረናል፦ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው። ከጋራ ንብረት ብቻ ሳይሆን ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ከአባትህ የወረስከው ቤት የግልህ ነው፤ ትዳር ላይ እያለህ ከቤቱ የሰበሰብከው ኪራይ ግን የሁለታችሁ ነው።

አንቀጽ 63 ደግሞ ትልቁ መሣሪያ ነው። ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። “የግሌ ነው” የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። ስለዚህ “ካርታው በስሜ ነው”፣ “ሊብሬው በስሜ ነው” የሚባለው ነገር ለቡና ወሬ እንጂ ለችሎት ብዙም አይጠቅምም።

በመጨረሻ አንቀጽ 90 ይመጣል፦ በጋብቻ ውል ወይም በስምምነት ሌላ ካልተባለ በቀር የጋራ ሀብት እኩል ይከፈላል። ግማሽ በግማሽ። ማን ጥፋተኛ ነው፣ ማን ቀድሞ ቤቱን ጥሎ ወጣ የሚለው አይቆጠርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ለፍቺው ምክንያት ሆነ የተባለው ወገን በንብረት ሊቀጣ ይችል ነበር፤ አሁን ይህ ቀርቷል። ከሕገ መንግሥቱም ጋር ይስማማል፤ አንቀጽ 34 ወንድና ሴት ጋብቻ ሲመሠርቱም፣ በጋብቻ ዘመናቸውም፣ ሲፋቱም እኩል መብት አላቸው ይላል።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አዋጅ 213 የጡረታ መብት በፍቺ ጊዜ እንዴት እንደሚታይ የሚናገር አንቀጽ የለውም። የጡረታ አዋጆቹ ደግሞ የሚያውቁት ሠራተኛውንና እሱ ሲሞት የሚተኩትን ብቻ ነው፤ ፍቺን አያውቁም። ሁለቱ ሕጎች አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ እንደማይነጋገሩ ባልና ሚስት ናቸው።

ሦስት ዓይነት ገንዘብ አለ፤ አንደባልቅ

ሰው “ጡረታ” ሲል የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠራል። ለክፍፍል ግን ልዩነቱ ወሳኝ ነው።

አንደኛው ፕሮቪደንት ፈንድ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣል፣ አሠሪው ይጨምርበታል፣ በስሙ ይጠራቀማል፣ ሥራ ሲለቅ ይወስደዋል። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሲወጣ፣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታ እንዲዞሩ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ፕሮቪደንት ፈንድ ያላቸው ብዙ ሰዎች ያሉት። ይህ ገንዘብ በእኔ አስተያየት ምንም አያከራክርም። ከደመወዝ የተቆረጠ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ በአንቀጽ 62 የጋራ ነው። አሠሪው የጨመረውም ቢሆን የሥራ ዋጋ እንጂ ስጦታ አይደለም። ባልየው ያን ገንዘብ በየወሩ እጁ ላይ ተቀብሎ ባንክ ቢያስገባው ኖሮ የጋራ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም ነበር። ሒሳብ ክፍል ቀድሞ ስለቆረጠው እንዴት የግል ይሆናል?

ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኛውና የግል ድርጅት ሠራተኛው የሚከፍሉት መደበኛ ጡረታ ነው። ዛሬ የሚሠሩት አዋጆች የ2014ቶቹ ቁጥር 1267 እና 1268 ናቸው። በሲቪሉ ዘርፍ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በድምሩ 18 በመቶ። ደመወዙ 20,000 ብር ከሆነ በየወሩ 3,600 ብር፣ በዓመት 43,200 ብር ማለት ነው። ይህ ግን በስምህ ተቀምጦ የሚጠብቅህ የቁጠባ ሒሳብ አይደለም። ወደ አንድ ቋት ይገባል፤ ዕድሜህ 60 ሲደርስ በአገልግሎት ዘመንህና በደመወዝህ ተሰልቶ በየወሩ አበል ይከፈልሃል። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ተቀምጦ የነበረው ስሌት ለምሳሌ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ሰጥቶ፣ ለሲቪል ሠራተኛ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምር ነበር። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሳል። ልብ በሉ፦ መብቱ የሚያድገው በዓመታት ነው። የትዳር ዓመታትም እዚያ ውስጥ አሉ።

ሦስተኛው ሥራ ሲለቀቅ የሚከፈለው የስንብት ክፍያ፣ ዳረጎትና የመሳሰለው ነው። ይህም ከሥራ የመጣ ነው፤ በትዳር ዘመን የተሠራበት ድርሻው መቆጠር አለበት።

እህቴ ያጣችው የመጀመሪያውን ነው፤ ለማስላት ቀላሉን፣ ለመካፈልም ቀላሉን። ያጣችው ሕግ ከልክሏት ሳይሆን የሚጽፍላት ሰው ስላልጠየቀ ነው።

“ጡረታማ አይነካም!”

ይህን ርዕስ ለባልደረቦቼ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ግማሹ እውነት ነው። የጡረታ መብት አይሸጥም፣ በመያዣ አይሰጥም፣ ባለዕዳ ነህ ተብሎም ዝም ብሎ አይያዝም፤ ፍርድ ቤት ለቀለብ ሲያዝ ካልሆነ በቀር ወይም የመንግሥት ግብርና መቀጮ ካልኖረ በቀር። ሕጉ ይህን ያለው ሽማግሌው በስተርጅና እጁ ላይ ምግብ እንዳያጣ ብሎ ነው። ጥሩ አሳብ ነው።

ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሚስት አበዳሪ አይደለችም። እሷ ገንዘቡን ከእሱ ልትነጥቅ አልመጣችም፤ ገንዘቡ ሲሠራ አብራ ነበረች። እሱ ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ቢሮ የገባው ቤት ውስጥ የታመመ ልጅ የያዘ ሰው ስለነበረ ነው። “ሽማግሌው በስተርጅና እንዳይራብ” ካልን፣ አሮጊቷስ?

ደግሞ ተመልከቱ። ትዳሩ ሳይፈርስ እሱ ቢሞት ሕጉ ለሚስት የጡረታ አበሉን ግማሽ ይሰጣታል። ተተኪ ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ብትፈታ ግን ምንም የላትም፤ ተተኪ የምትሆነው በሞተበት ዕለት ሚስቱ የሆነችው ናትና። ባለፈው ዓመት ያገባት ሚስት ካለች እሷ ትወስዳለች። አዲሷ ሚስት ይገባታል፤ አልቀናባትም። ግን ሕጉ ለሞት ያሰበውን ያህል ለፍቺ አላሰበም ብል አጠፋሁ?

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ “ገና ያልተከፈለ ነገር እንዴት ይከፈላል? 60 ሳይሞላው ቢሞትስ?” ይህ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። መልሱም በሌሎች አገሮች ተሞክሯል። ጀርመን ከ1977 ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስት በትዳር ዘመን ያፈሩትን የጡረታ መብት በሁለቱም ወገን ቆጥሮ ያካፍላል። ሩቅ ነው ካላችሁ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ከ1989 ጀምሮ የተፋቺው የጡረታ ፈንድ ድርሻ በክፍፍሉ ውስጥ እንደ ንብረት ይቆጠራል፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ሌላኛው ወገን ባለፈንዱ ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። (እነዚህ ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።) ስለዚህ “አይሰላም” የሚባል ነገር የለም። አልሰላነውም እንጂ።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ቀላል ምሳሌ ልስጣችሁ። አቶ እገሌ ፕሮቪደንት ፈንድ ውስጥ 600,000 ብር አለው። ከጋብቻው በፊት የተጠራቀመው 100,000 ነበር እንበል። ይህኛው የግሉ ነው። የቀረው 500,000 የጋራ ነው። ቤታቸው ደግሞ 2,000,000 ብር ተገመተ። የጋራ ሀብታቸው 2,500,000 ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 1,250,000 ይደርሳል። ፈንዱን አሠሪው ዛሬ አልለቅም ቢል እንኳ ችግር የለም። ፈንዱ ለእሱ ይቅርለት፤ ከቤቱ እሷ 1,250,000፣ እሱ 750,000 ይውሰዱ። ተስተካከሉ። ማንም ጡረታ አልነካም።

መደበኛው ጡረታ ላይ ደግሞ በዓመታት ማስላት ይቻላል። 30 ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ከዚያ ውስጥ 18ቱ ዓመት በትዳር ላይ ከነበረ፣ በትዳር የተገኘው 18/30 ነው። የዚያ ግማሽ 9/30፣ ማለትም 30 በመቶ። ከአበሉ 30 በመቶው በሕሊናም በሒሳብም የእሷ ነው። ዛሬ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ይህን ለእሷ የሚከፍልበት አሠራር የለም። ግን ቤቱና ባንኩ ሲከፋፈል ይህን ከግምት ማስገባት፣ ወይም ተፋቺዎቹ በስምምነታቸው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

“ሴቷ ሠራተኛ ብትሆንስ?”

ይህን የጠየቀችኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ ጠበቃ ናት። “ጋሼ፣ የእኔ ደንበኞች ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። ባሎቻቸው ነጋዴ ናቸው። የሴትየዋ ጡረታ ወረቀት ላይ አለ፤ የሰውየው ካፒታል ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ጡረታ ይከፈል ብንል እሷን ነው የምንጎዳው” አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አንድ ሳምንት አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው፤ የእሷ ጡረታ ከተቆጠረ የእሱ ሱቅ፣ የእሱ ዕቃ፣ የእሱ ዕቁብ፣ በወንድሙ ስም ያስቀመጠው መኪና ሁሉ ይቆጠር። አንዱን ብቻ መቁጠር ነው በደል። ወረቀት ያለውን ንብረት ቆጥሮ ወረቀት የሌለውን መተው የሚጎዳው ሁልጊዜ ሐቀኛውን ነው። ፍርድ ቤት ንብረት ደብቋል የተባለን ሰው በማስረጃ የሚያፋጥጥበት አሠራር መጠንከር አለበት። ይህ ሳይሆን የጡረታን ክፍፍል ብቻ ማምጣት ግማሽ ፍትሕ ነው። ይህን ልጅቷ ናት ያስተማረችኝ፤ አመሰግናታለሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ ወዳጆቼ

ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ ስትፋቱ ብዙ ጊዜ “ቤቱ ይሸጥ፣ መኪናው ላንቺ፣ አለቀ” ብላችሁ እንደምትለያዩ እሰማለሁ። እዚያ ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ በትዳር ዘመን የተጠራቀመው ክፍል በክፍፍሉ ውስጥ ይገባል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፍርድ ቤቱ “ግማሹ የእሷ ነው” ቢልም የፈንዱ አስተዳዳሪ በፍቺው ውሳኔ ብቻ አይከፍልም። በተለምዶ “ኳድሮ” የሚሉት የተለየ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ይህ አሠራር በ1984 (በፈረንጆቹ) በወጣ የፌዴራል ሕግ የመጣ ነው። ፍቺው ተጠናቆ ትእዛዙ ሳይጻፍ ዓመታት አልፈው ሰውየው ገንዘቡን አውጥቶ ቢያጠፋው ማስመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከፍቺው ጋር አብሮ ይጻፍ፤ “በኋላ” አትበሉ።

ሶሻል ሴኩሪቲም አለ። ትዳሩ ቢያንስ 10 ዓመት ከቆየ፣ የተፈታው ወገን ዕድሜው 62 ሲሞላና ሌላ ካላገባ በቀድሞ የትዳር ጓደኛው የሥራ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ መጠየቅ ይችላል። የሌላኛውን ክፍያም አይቀንስበትም። በዘጠነኛው ዓመት ከስምንት ወር ላይ ለመፋታት የምትጣደፉ ካላችሁ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። (ትዳራችሁን ብታተርፉ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።)

እና ምን እናድርግ?

ፍቺ ላይ ላላችሁ፦ ሌላው ቢቀር የንብረት ዝርዝር ስትጽፉ አንድ መስመር ጨምሩ። “በአሠሪ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ቁጠባ፣ የስንብትና ማናቸውም የጡረታ ጥቅም፣ በጋብቻ ዘመን የተገኘው።” ይህችን መስመር የእህቴ ወረቀት ላይ ጽፌያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ምን ያህል እንዳለ ካላወቃችሁ አሠሪው መሥሪያ ቤት የሒሳብ መግለጫ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥላችሁ ጠይቁ። መግለጫው የጋብቻው ዕለትና የፍቺው ዕለት የነበረውን ለየብቻ ያሳይ። በፈንዱ ላይ የተወሰደ ብድር ካለም ይጠየቅ። “የምንጠይቀው ምንም የለም” የሚለውን መስመር ደግሞ ይህን ሁሉ ሳታዩ አትፈርሙ። በስምምነት መፋታት ጥሩ ነው፤ ሳያውቁ መስማማት ግን ስምምነት አይደለም።

ልታገቡ ላላችሁ፦ የጋብቻ ውል የሀብታም ነገር አይደለም። ከሁለት አንዳችሁ ለልጅ ብላችሁ ሥራ ብትለቁ የሌላው ቁጠባ እንዴት እንደሚታይ ዛሬ፣ ተዋድዳችሁ ሳላችሁ፣ ተነጋገሩ። የሚያፍር ካለ በእኔ አሳብቡ፤ “አንድ ሰውዬ ፌስቡክ ላይ ጽፎ” በሉ።

ዳኛ፣ ጠበቃና ሬጅስትራር ለሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ ተከራካሪዎች በስምምነት ሲመጡ ስምምነቱን ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። “ጡረታችሁንና ፈንዳችሁን ተነጋግራችሁበታል?” ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። “አዎ፣ ተነጋግረናል፣ ለእሱ ትቼለታለሁ” ካለች መብቷ ነው። ሳታውቅ ትታው ከሆነ ግን ያቺ ግማሽ ደቂቃ የእርጅናዋ እንጀራ ናት።

ሕግ አውጪዎች ጋ የምትደርሱ ካላችሁ ደግሞ፦ በቤተሰብ ሕጉ ላይ “በጋብቻ ዘመን የተገኘ የጡረታና የፕሮቪደንት ፈንድ መብት የጋራ ሀብት ነው” የሚል አንድ ንዑስ አንቀጽ ይጨመር። በጡረታ አዋጆቹ ላይ ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቶቹ የፍርድ ቤት የክፍፍል ትእዛዝ ተቀብለው አበሉን ለሁለቱም በየድርሻቸው የሚከፍሉበት መንገድ ይበጅ። ለቀለብ መቁረጥ ከተቻለ ለዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የእህቴ የቀድሞ ባለቤት መጥፎ ሰው አይደለም። ልጆቹን ያስተማረ፣ ዛሬም በበዓል የሚመጣ ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አሳየሁት። አንብቦ ዝም አለና “እኔም እኮ የእሷም እንደሆነ አላሰብኩም፤ ደመወዝ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ብቻ ነበር” አለኝ። አመንኩት። እኔ ሕግ ያስተማርኩት ያላሰብኩትን እሱ እንዴት ያስብ?

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የተወሰነ ብር ለእህቴ መላክ ጀምሯል። እሷ መጀመሪያ “ምጽዋት አልፈልግም” ብላ መለሰችለት። ኋላ ግን “ይኼ ምጽዋት አይደለም፣ ድርሻሽ ነው” ብሎ ጽፎ ላከላት። ተቀበለችው። ግን ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ በሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል? ሕግ ያስፈለገው እኮ የሰው ደግነት ቀን ስለሚለዋውጠው ነው።

ተማሪዎቼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የቀረውን ክፍለ ጊዜ ዛሬ ሰጥቻችኋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ እንደ ድሮው እጃችሁን አውጡና አርሙኝ፤ ኮሜንቱ ክፍት ነው። ችሎት ላይ ያጋጠማችሁም ካለ የሰው ስም ሳትጠቅሱ አካፍሉን። ልትፋታ የተዘጋጀች እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ይህን ላኩላቸው። በቃ የንብረት ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ።

ቸር ሰንብቱ።